ሳይሸጥ የቀረ ጠርሙስ

ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ልደት ላይ ይባላል፣ ሠርግ ላይ ይባላል፣ አንጋፋ ዘፋኝ ሲወደስም ይባላል። ለአብዛኛው ወይን ግን አይሠራም። በዓለም ላይ ከሚመረተው ወይን አብዛኛው የሚዘጋጀው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠጥቶ እንዲያልቅ ነው። ከሱፐርማርኬት የገዛችሁትን ጠርሙስ ሃያ ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ብትደብቁት አይጣፍጥም። ይሞታል። የፍሬው ጣዕም ይጠፋል፣ ቀለሙ ይጠወልጋል፣ በቃ።

መቆየት የሚያምርባቸው ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህ አንዱ ባሮሎ ነው። ሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ፒየሞንቴ ክልል ውስጥ፣ አልባ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባሉት የላንጌ ኮረብታዎች ላይ ይመረታል። እኔ ከምኖርበት ከቱሪን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። በቅርቡ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1996 ምርት የሆነ አንድ ጠርሙስ ባሮሎ ሲከፈት አጠገቡ ነበርኩ። ስለዚህ ወይን የሚያወሩ ሰዎች ዕድሜውን ያወድሳሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ጠርሙስ ያን ሁሉ ዓመት ሳይከፍት፣ ሳይሸጥ፣ ለእንግዳ ሳያቀርብ ማን አስቻለው?

ያስቻላቸው ሰው የድሮ አለቃዬ ናቸው። ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ስገባ ሼፍ እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ "ሼፍ" ነው የምንላቸው። አንድ እሑድ ምሳ ጠሩን። እኔና አንዲት ሐበሻ ጓደኛዬ ሄድን። እሷ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከሽማግሌ ጋር መጫወት ትችልበታለች። ሼፍም እኔን ሰበብ አድርገው እሷን እንደሚጋብዙ አውቃለሁ።

ጠርሙሱን ከሁለት ቀን በፊት ከምድር ቤት አውጥተው አቁመውት ነበር። አሮጌ ወይን ተኝቶ ነው የሚቀመጠው፤ ቡሹ እንዳይደርቅ። ሊጠጣ ሲል ግን መቆም አለበት። በዓመታት ውስጥ የተጠራቀመው አተላ ቀስ ብሎ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። የከፈቱት ደግሞ ጠዋት ነው፣ ገና እኛ ሳንደርስ። ከላይ ትንሽ ቀድተው ቀመሱ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ሳይከድኑ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ተዉት። ብዙ ሰው አሮጌ ወይን ሲያገኝ ዲካንተር በሚባል ሰፊ ዕቃ ውስጥ ገልብጦ ያስተነፍሰዋል። ሼፍ ይህን አይወዱም። "ሃያ ምናምን ዓመት ጨለማ ውስጥ የኖረን ሰው በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አታወጣውም" ይላሉ። እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ወጣቱን ወይን እንደፈለጋችሁ አንገላቱት፤ አሮጌውን ግን አየር በብዛት ካገኘው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽታውን ሁሉ ሊሰጥና ሊያልቅ ይችላል።

ቡሹን ያወጡት እኛ በምናውቀው ጠምዛዛ መክፈቻ አይደለም። ሁለት ቀጭን የብረት ምላስ ባለው፣ በቡሹና በጠርሙሱ መሃል እያወዛወዙ በሚያስገቡት ነው። አሮጌ ቡሽ ሆድ የለውም፤ መሃሉን ከወጉት ይፈረፈራል። እሱም ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ተቆርሶ ነበር። ቡሹ ራሱ የተበከለ ከሆነ ደግሞ ወይኑ እርጥብ ካርቶን ይሸታል፤ ያኔ የትኛውም ስም፣ የትኛውም ዓመት አያድነውም። ሃያ ዓመት ጠብቃችሁ እርጥብ ካርቶን። የዚህ ነገር ቁማርነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሼፍ የስልካቸውን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ሥር ይዘው በቀስታ ቀዱ። ድሮ ሻማ ነበር። መብራቱ የሚያስፈልገው አተላው ወደ አንገቱ ሲመጣ አይቶ ለማቆም ነው። ጓደኛዬ ብርጭቆዋን አነሳችና በአማርኛ፣ "ውይ! ይሄ ነገር ቀለሙ ሄዷል እኮ። ተበላሽቶ እንዳይሆን?" አለችኝ።

ያስብላል። ቀይ ወይን ተብሎ የመጣው ነገር መሃሉ ነጣ ያለ የሸክላ ቀለም ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ከብርጭቆው ማዶ ያለ እጅ ይታያል። ባሮሎ የሚሠራው ኔቢዮሎ ከሚባል አንድ የወይን ዝርያ ብቻ ነው፤ ሌላ መቀላቀል በሕግ አይፈቀድም። ኔቢዮሎ ደግሞ ወጣት ሆኖም ጥቁር አይደለም። ልጣጩ ውስጥ ያለው ቀለም ትንሽ ነው፣ ያለውም ቶሎ ይለወጣል። ሰው ቀለሙን አይቶ ለስላሳ ነው ብሎ ይጎነጫል። ከዚያ ታኒኑ ይይዘዋል። ታኒን ማለት ምድጃ ላይ ተረስቶ የጠቆረ ሻይ ያለ ስኳር ስትጠጡ ምላሳችሁንና ድዳችሁን የሚያደርቀው ነገር ነው። ኔቢዮሎ ይህ በብዛት አለው። ላዩ ላይ ደግሞ ኮምጣጣነቱም ኃይለኛ ነው። በአምስት ዓመቱ የተከፈተ ጥሩ ባሮሎ ብዙ ጊዜ ቁጡ ነው። ብዙዎቻችን አገር ቤት ወይንን የተዋወቅነው በአክሱሚት ጣፋጭነት ስለሆነ፣ ወጣት ባሮሎ የቀመሰ ሐበሻ ፊቱን ሲያጨማድድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አልፈርድበትም።

በነገራችን ላይ ባሮሎ ራሱ ድሮ እንዲህ ደረቅ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ስኳር የቀረበት ወይን ነበር። ኔቢዮሎ የሚለቀመው ዘግይቶ፣ በጥቅምት ወር ነው። የመጥመቂያው ጊዜ ከብርዱ ጋር ይገጥማል። ብርድ ሲመጣ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ያቆማል፤ ስኳሩም ይቀራል። ወደ ደረቅ ወይን የተሸጋገረው በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የባሮሎ ባላባት ሚስት የነበረችው ትውልደ ፈረንሳይ ጁሊያ ኮልበርት ፋሌቲና ግሪንዛኔ ላይ እርሻ የነበረው ፖለቲከኛው ካቩር ስማቸው ይነሳል። ማን ምን ያህል ሠራ የሚለው እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ጭቅጭቁን ለእነሱ እንተወው።

ወደ ብርጭቆው ልመለስ። መጀመሪያ ሲሸት ደስ የሚል አልነበረም። እንጉዳይ፣ እርጥብ አፈር፣ የቆየ ቆዳ። ጓደኛዬ በዓይኗ "አላልኩህም?" አለችኝ። ሼፍ ዝም ብለው ዳቦ ይቆርሳሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። በዚህ መሃል ታያሪን መጣ፤ በእንቁላል አስኳል ብቻ የተለወሰ ቀጭን ፓስታ ነው፣ ቅቤና ሴጅ የሚባለው ቅጠል ብቻ የገባበት። ብርጭቆውን እንደገና ሳነሳ ሌላ ወይን የተቀዳልኝ መሰለኝ። የደረቀ ጽጌረዳ። ብርቱካን ልጣጭ። ትምባሆ። ከኋላ ደግሞ፣ አትሳቁብኝ፣ ሬንጅ። አዲስ አስፋልት የሚነጠፍበት መንገድ ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ነው የምላችሁ፣ በጣም በስሱ።

ወይን ቀማሾች ሲያወሩ እኔም ብዙ ጊዜ እስቃለሁ። አንዱ "እርጥብ ድንጋይ" ይላል፣ ሌላው "የድመት ሽንት" ይላል፣ ጭንቅላት መነቅነቅ ብቻ ነው። ጽጌረዳና ሬንጅ ግን ስለ ባሮሎ ሁሉም የሚደጋግመው ነገር ነው፤ የተደጋገመው ደግሞ እውነት ስለሆነ ነው። ጓደኛዬ ይህን ማንም ሳይነግራት አፍንጫዋን ብርጭቆው ውስጥ ከትታ "ጽጌረዳ... የደረቀ ነገር" ስትል ሼፍ በጣሊያንኛ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ዳቦውን አስቀምጠው እጇን ጨበጧት።

ሲጎነጩት ታኒኑ አሁንም አለ። የድሮው ግን አይደለም። በዓመታት ውስጥ ታኒኖቹ እርስ በርስና ከቀለሙ ጋር እየተያያዙ ይከብዳሉ፤ ሲከብዱ ከፊሉ ወደ ታች ይዘቅጣል። አተላ የሚሆነው እሱ ነው። ስለዚህ የወይኑ ቀለም ሲሳሳ የምናየውና አፍ ላይ ሲለዝብ የምንቀምሰው አንድ ነገር ነው። ኮምጣጣነቱ ግን አብሮ አይወርድም፤ ወይኑን ቀጥ አድርጎ ይዞት ይኖራል። የ1996 ምርት በዚህ የታወቀ ነው። ቀዝቀዝ ያለ፣ ዘግይቶ የበሰለ ዓመት ነበር፣ ታኒኑም ኮምጣጣነቱም የከረረ። ተከታዩ 1997 ሞቃት ሆነና ፍሬው የጣፈጠ፣ ለስላሳ ወይን ወጣ። ያኔ ዓለም ያጨበጨበው ለ1997 ነው። ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 1996ን ይመርጣል። እኔም እመርጣለሁ። በ1996 ጥቅምት፣ በእኛ 1989 መሆኑ ነው፣ ያ ወይን ሲለቀም ማንም ይህን አላወቀም።

ጠርሙሱ የመጣው ሴራሉንጋ ከምትባል ቀበሌ ነው። የባሮሎ ወይን የሚመረትባቸው ቀበሌዎች 11 ናቸው፤ ባሮሎ ራሷ አንዷ ብቻ ናት። ላ ሞራ አካባቢ ያለው ቀደም ብሎ ይለዝባል፣ ሽታውም ቀድሞ ይከፈታል። ሴራሉንጋና ሞንፎርቴ ጠንካሮች ናቸው፤ ሳይጠበቁ አይሰጡም። የአምራቹን ስም አልጽፍም፣ ማስታወቂያ ይሆንብኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ማን አስቻለው?

ሼፍ የላንጌ ገበሬ ልጅ ናቸው። አባታቸው ኔቢዮሎ ያለሙ ነበር፤ ባሮሎ ግን አይጠጡም ነበር። ገበታ ላይ የሚጠጣው ዶልቼቶ ነው፤ ቶሎ የሚደርስ፣ በዓመቱ የሚጠጣ ርካሽ ወይን። ኔቢዮሎው የሚሸጥ ነበር፤ በፍሬነቱ። ገበሬው ዘለላውን በጋሪ ጭኖ አልባ አደባባይ ይሄዳል። ነጋዴዎቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። አይቸኩሉም። ፍሬው ግን ተቆርጧል፤ ፀሐይ በገፋ ቁጥር እየላሸ ነው። ወደ ማታ ላይ በተባለው ዋጋ ይሸጣል። ሼፍ ልጅ ሆነው ይህን አይተዋል። "አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳን ነገ እሸጣለሁ ማለት አልቻለም" ነው ያሉን።

ዛሬ ላንጌን የሚያይ ሰው ይህን ማመን ይከብደዋል። ኮረብታዎቹን ዩኔስኮ በ2014 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል። ከመላው ዓለም ቱሪስት ይጎርፋል፣ ነጭ ትሩፍል የሚባለው ውድ እንጉዳይ በግራም ይሸጣል፣ የመሬቱ ዋጋ አይቀመስም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ድሃ አገር ነበር። ወጣቱ ወይኑን ጥሎ ቱሪን ፊያት ፋብሪካ ገባ። አልባ የቀረው ደግሞ ፌሬሮ ገባ፤ ኑቴላን የሚሠራው ድርጅት ማለቴ ነው። ፌሬሮ ሠራተኛውን ከየመንደሩ በአውቶቡስ እያመላለሰ ስለነበር ብዙዎች መሬታቸውን ሳይለቁ መሥራት ችለዋል። ሼፍም ወደ ቱሪን የመጡት በዚያ ዘመን ነው፤ ፋብሪካ ሳይሆን ማድ ቤት ገቡ እንጂ። የስደት ወሬ ስናወራ "እኔም እኮ ስደተኛ ነኝ፣ 70 ኪሎ ሜትር" ይላሉ። መጀመሪያ ሲሉ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

መጠበቅ ገንዘብ ነው። በዛሬው ሕግ ባሮሎ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ሪዘርቫ የሚባለው 62 ወር። አስቡት፤ አንድ ገበሬ ዛሬ ለቅሞ ገንዘቡን የሚያየው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዚህ መሃል ልጅ ይማራል፣ ትራክተር ይበላሻል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ባሮሎን ያስቆዩት ሀብታሞችና ነጋዴዎች ናቸው። ገበሬው ራሱ ጠምቆ፣ ራሱ አሽጎ፣ በራሱ ስም መሸጥ በብዛት የጀመረው ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው።

ይህ ሽግግር ያለ ጠብ አልሆነም። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ወጣቶቹ አመፁ። የአባቶቻችን ወይን በጣም ይቆያል፣ በጣም ይመርራል፣ ገዢ የለውም አሉ። ልጣጩን ከጭማቂው ጋር የሚያቆዩበትን ጊዜ ከሳምንታት ወደ ቀናት አሳጠሩ። ትላልቆቹን በርሜሎች ትተው ባሪክ የሚባለውን 225 ሊትር የሚይዝ አዲስ የፈረንሳይ ኦክ በርሜል አመጡ። ኤልዮ አልታሬ የሚባለው የላ ሞራ ሰው በሰማንያዎቹ መጀመሪያ የአባቱን አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራረጣቸው። አባቱም ከውርስ ነቀሉት። በሌላው ወገን ባርቶሎ ማስካሬሎ ነበሩ፤ በ2005 ያረፉት የባሮሎ ሽማግሌ። እሳቸው ጠርሙሳቸው ላይ በእጃቸው በሣሉት ወረቀት "ባሪክም አይኑር፣ ቤርሉስኮኒም አይኑር" ብለው ጻፉ፤ ቤርሉስኮኒ ያው የጣሊያኑ ፖለቲከኛ ነው። እንዲህ ያለ ቂም የያዘ ወይን ብዙ የለም።

በዚሁ ዘመን መሃል የ1986ቱ መዓት መጣ። ሜታኖል የተቀላቀለበት ርካሽ ወይን ከ20 በላይ ሰዎችን ገደለ። ወይኑ የወጣው ደግሞ ከባሮሎ ብዙም ከማትርቀው ናርዞሌ ነው። የጣሊያን ወይን ስሙ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በርካሽ ብዙ መሸጥ የሚለው መንገድ ለብዙዎች ተዘጋ፤ ጥቂት አምርቶ በጥራት መሸጥ ግድ ሆነ።

ከሁለቱ ወገን ማን ትክክል ነበር? የእኔን ከጠየቃችሁኝ ልቤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው። የዚያን ዘመን ባሪክ የነካው ባሮሎ ዛሬም አንዳንዱ የሚሸተው ቫኒላ ነው፤ ኔቢዮሎው የት እንደገባ አይታወቅም። የሼፍ ጠርሙስ በትልቅ አሮጌ በርሜል የቆየ ነው፤ ጽጌረዳው ሳይሸፈን የቀረው ለዚህ ይመስለኛል። ግን አመፀኞቹ ባይመጡ ኖሮ ንጹሕ ምድር ቤትም፣ ዘለላውን ቀንሶ ጥቂት ማምረትም፣ ባሮሎን ኒው ዮርክ ድረስ የሚጠይቅ ገዢም ቶሎ ባልመጣ ነበር። አሁን ሁለቱም ወገን ወደ መሃል መጥቷል። ብዙዎቹ ባሪክ አራማጆች ወደ ትልቁ በርሜል ተመልሰዋል።

ሼፍ ይህን ጠርሙስ የገዙት በ2000 ነው፤ ገና በሊሬ፣ በድሮው የጣሊያን ገንዘብ። ከነዚያ ፍሬያቸውን አደባባይ ላይ በተባለው ዋጋ ከሚሸጡ ጎረቤቶች ከአንዱ ልጅ። ካርቶን ሙሉ ነበር። ዋጋው ሲወጣ የሚያውቋቸው ነጋዴዎች ጠየቋቸው። አልሸጡም። ለምን ስላቸው ትከሻቸውን ነቀነቁና "ስለማያስፈልገኝ" አሉ። ትዕቢት አልነበረም፤ ደስታ ነው ያየሁባቸው። የአባታቸው ልጅ ሆነው፣ ኔቢዮሎ በእጃቸው ይዘው፣ ነገ ማለት መቻላቸው።

ከዚህ በኋላ አሮጌ ወይን ስቀምስ ፍሬውንና ሽታውን ብቻ አላስብም። ጨረታ ላይ የሚሸጠውን አሮጌ ጠርሙስ የማልወደውም ለዚህ ይሆናል። የት እንደኖረ አይታወቅም። 12 እና 13 ዲግሪ ምድር ቤት ውስጥ ይሁን፣ ማሞቂያ አጠገብ ይሁን፣ ማን ያውቃል? ወረቀቱ ያምራል፣ ውስጡ ሊሞት ይችላል። ይህን ዓለም መሞከር የሚፈልግ ሰው ካለ ላንጌ ኔቢዮሎ የሚለውን በመጠነኛ ዋጋ ይግዛ፤ ዝርያው ያው ነው፣ ቶሎ ይጠጣል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያለው ሰው ደግሞ ከ2016 ምርት ሁለት ሦስት ባሮሎ ገዝቶ ይርሳቸው። ዓመቱ በጣም ጥሩ ነው፤ አይቸኩልም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ በርበሬ አጠገብ አታቅርቡት። ታኒንና አልኮል ቃጠሎውን ያባብሱታል፤ ሁለቱም ይበላሻሉ። ጓደኛዬ ግን ይህን አልሰማችም። ከብራዛቶው፣ ማለትም በወይን ከተቀቀለው የበሬ ሥጋ በኋላ፣ "ቀጣዩ ግብዣ የእኔ ነው፤ ዶሮ ወጥ እሠራለሁ፣ እርስዎ ይህን ይዘው ይመጣሉ" አለቻቸው። ሼፍ ደነገጡ። ከካርቶኑ የቀረው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። ድርድሩ እስከ ቡናው ድረስ ቀጠለ። እሷ ዘንድሮ ትላለች፣ እሳቸው ገና አምስት ዓመት ይችላል ይላሉ። እኔ ከእሷ ጋር ድምፅ ሰጠሁ፤ 1996 ከዚህ በላይ የሚጠብቀው ነገር ያለው አይመስለኝም። በመጨረሻ ሼፍ ተሸነፉ። ለጥቅምት ተቀጣጠርን፣ የወይን ለቀማው እንዳለቀ። ወይኑ መጀመሪያ፣ ከፎርማጆ ጋር ብቻ። ዶሮ ወጡ በኋላ፣ ከጠጅ ጋር። ጠጁን እኔ ነኝ የምጥለው።